የእድሩ ንብረት ያዥ

የእድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮችና ሰሃኖች የሚቀመጡት ሲግናል ሰፈር ውስጥ፣ ከቤታችን ሦስት በር አልፎ ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁልፉን የያዘው አባቴ ነበር። ግማሽ ጎኑ ሲደክምበት የእድሩ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት፣ ዲግሪዬ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ውሎዬ ሶፋ ላይ ነበር። የእድሩ ዳኛ፣ "እሱ መቼም ከቤት አይጠፋም" አሉ። እናቴ ምስጋና መስሏት መረቀቻቸው። እኔ ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝም። በዚያን ጊዜ ማንኛውም ነገር እንደዚያ ነበር።

ደግሞ አልሞከርኩም አይባልም። በመጀመሪያው ሳምንት መጋዘኗን ጠረግኩ፣ ወንበሮቹን ደረደርኩ፣ የዛገውን ጓጉንቸር በአዲስ ቀየርኩ። አዲሱ ከሦስት ቁልፍ ጋር ነው የመጣው። አንዱን ለዳኛው፣ አንዱን ለአባቴ መስጠት ነበረብኝ። ነገ እሰጣለሁ ስል ሦስቱም በአንድ ቀለበት እንደታሰሩ ኪሴ ውስጥ ከረሙ። ዳኛው ቤት ከእኛ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲያስጠላኝ ወጣሁ። መሪ ሰፈር የሚኖር ጓደኛዬ "ሥራ አገኘህ?" እያለ ስለሚጨቀጭቀኝ ስልኬን ዘጋሁት። በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል አድርጌ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግሬ ወጣሁ። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ጉዳይ የለኝም። ባሕር ዛፉ ሥር የተጋደመ ግንድ አለ፣ እሱ ላይ ነው የምቀመጠው። ጭጋግ ነበር፣ ከተማው አይታይም። ዝናብ ሲጀምር እንኳ ለመነሳት ሰነፍኩ። ስለምንም አላሰብኩም። ሰው ይህን ሲሰማ ዕረፍት ይመስለዋል፣ ዕረፍት ግን አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ገደማ ሰፈር ስደርስ መንገዱ በጃንጥላ ተሞልቷል። የጎረቤታችን የእማማ ባል ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ አርፈው፣ ተቀብረው፣ ለቀስተኛው ተመልሷል። ድንኳን የለም። ሴቶቹ አንድ የላስቲክ ሸራ በእጃቸው ወጥረው ሥሩ ተጠጋግተዋል። ወንዶቹ አጥር ተደግፈው ይበሰብሳሉ። አባቴ የመጋዘኗን በር በጀርባው ተደግፎ፣ ከዘራውን ይዞ ቆሟል። ጋቢው ውሃ ያንጠባጥባል።

ዳኛው አዩኝና፣ "ክፈት" አሉ።

ከፈትኩ። ብረቱን ተሸከምኩ፣ ገመዱን ወጠርኩ፣ ወንበር አመላለስኩ። ድንኳኑ በግማሽ ሰዓት ቆመ። አፍሬ መሞት ነበረብኝ፣ ግን እጄ ይሠራል እንጂ ውስጤ የለም። ማታ ሽማግሌዎቹ ነገሩን አንስተው፣ "ልጅ ነው፣ ይለፈው" ተባባሉ። በሃያ ሰባት ዓመቴ ልጅ ተብዬ ምሕረት ተደረገልኝ። እሱም አልተሰማኝም። እናቴ የሁለት ሰው ቁጣ ተቆጣችኝ። አባቴ ግን ልብሱን ቀይሮ ተኛ።

ከሠልስት በኋላ ድንኳኑን አፍርሼ፣ ሰሃኖቹን አጥቤ አስገባሁና የእማማን በር አንኳኳሁ። ማንም አልላከኝም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አልኩ።

"የት ነበርክ?"

"እንጦጦ።"

"ምን ልትሠራ?"

ውሸት ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። "ምንም" አልኩ።

"ሥራ ላይ ነበርኩ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር" አሉ።

ልወጣ ስነሳ ጠሩኝ። "እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን እወቀው ብዬ ነው። ቀብር ከመሄዳችን በፊት ጎረምሶቹ ጓጉንቸሩን ሊሰብሩት መዶሻ ይዘው መጥተው ነበር። አባትህ በሩ ላይ ተለጥፎ አላስነካም አለ። 'ልጄን አውቀዋለሁ፣ አሁን ይመጣል' አላቸው። ደክሞታል፣ ቁጭ በል ቢሉትም እምቢ አለ። ከቀብር ስንመለስም እዚያው ቆሞ ነበር። ዝናቡ እየወረደበት አሁንም 'ይመጣል' ይላል።"

ወጥቼ ደጃፋቸው ላይ ቆምኩ። ከስንት ወር በኋላ ያኔ አመመኝ፣ ደረቴ ላይ፣ እንደ ቁስል። አባቴ በዚህ ሰፈር ሃያ ዓመት ሙሉ አደርጋለሁ ያለውን ሲያደርግ ኖሯል፣ ሰዎቹም መዶሻውን ያስቀመጡት እሱን አምነው ነው። አንድ ቀን ቃሉ መሬት ወደቀ፣ ያም ቃል ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ እኔ የሰጠው ነው።