ኮብልስቶኑ ሲቃረብ

ሓድነት ውስጥ ኮብልስቶን መነጠፍ ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ ፈነደቀ፤ ከሰል ሻጯ ግን አመድ መሰለች። ከተከራየቻት ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ የድንጋይ ጠራቢዎቹ መዶሻ በጮኸ ቁጥር ትባንናለች። ከቀድሞ ሰፈሯ ከዓይደር ያስለቀቃትም አዲስ አስፋልት ነበር፤ መንገድ ሲያምር ኪራይ ጣሪያ ይነካል። ግድግዳዋ ሲላላጥ እያየች ቀለም የማታስነካውም ክፍሏ የአከራይዋ ዓይን ውስጥ እንዳትገባ ብላ ነው።

«ወደይ፣ ልጄ፣ እዚህም ትደርሳላችሁ?» አለችው አንዱን ሠራተኛ።

«ደስ ይበልዎት ኣደይ፣ ነገ ደጅዎ ላይ ነን!»

አከራይዋ ከግቢው ብቅ ብለው መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ የእሷን በር አዩ። ያኔ ስጋቷ እንዳይታወቅባት ከጎረቤቱ ሁሉ አብልጣ እልልታውን አቀለጠችው። ከዚያ ገባችና መጋረጃዋን ከሚስማሩ አውርዳ ዕቃዋን ትቋጥርበት ጀመር።