አባቴን የቻለው ቸርኬ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከደሴ ደወለችልኝ። ለልጇ ብስክሌት ልትገዛ ሱቅ ውስጥ ቆማለች። ያቺ ቢኤምኤክስ የሚሏት፣ ጎማዎቿ ትንንሽ የሆኑ፣ ልጆች የሚዘሉባት ዓይነት ናት።

«አባዬ፣ ሻጩ ሁለት ዓይነት ቸርኬ አለ ይላል። አንዱ ቀላል ነው፣ ይፈጥናል። አንዱ ከበድ ይላል፣ ግን በቀላሉ አይጎዳም። የትኛውን ልውሰድ?»

«ቀላሉን ውሰጂለት፣ ይብረር!» አልኋት ሳላስብ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በወጣትነቴ ተጠይቄ ነበርና፤ የሰጠሁት መልስ ግን ሌላ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው። መካነ ሰላም ያኔ ትንሽ ከተማ ናት፤ ክረምት ከገባ ጭቃው መንገዱን ይውጠውና ከደሴ የሚመጣ መኪና እንደ ብርቅ ይታያል። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኛ የነበረ አጎቴ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ብስክሌቱን ለእኔ ትቶልኝ ሄዷል። በከተማው ብስክሌት ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ስሜን የማያውቅ ሁሉ «ባለ ብስክሌቱ» ይለኝ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ለጋምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ አናት ላይ ባለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ያስተምራሉ፣ ማኅሌት ይቆማሉ። ድምፃቸው የወጣት ድምፅ ነበር። ጉልበታቸውን ግን ቁርጥማት ይዞታል። በቅሏቸው በሞተች ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከብስክሌቴ ኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ በእጃቸው ነካ ነካ አድርገው «ይህ ነገር ሰው ይችላል?» አሉኝ።

ቻለ። ከዚያ ወዲህ ጥምጥማቸውን አጥብቀው፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ቀበቶዬን ይዘው ከኋላዬ ይቀመጡ ጀመር። ዳገቱ ላይ እኔ አለከልካለሁ፤ እሳቸው የሌሊቱን ዜማ በለሆሳስ ይላሉ። ዜማው ከፍ ሲል እኔም ሳላውቀው በኃይል እረግጣለሁ፤ ዝቅ ሲል አብሬ ቀስ እላለሁ። ሰዉ «መሪጌታ የብረት በቅሎ ገዙ» እያለ ይስቃል። ትምህርት ቤትም የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር «ጓድ ካሳው ቄስ ማመላለስ ጀምሯል» ብሎ ስብሰባ መሃል አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ያው አመላለስሁ።

መስከረም ሲጠባ፣ ብቻዬን ስከንፍ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና የኋላው ቸርኬ ተጣመመ። በዚያው ሰሞን ወሬ መጣ፦ በጥቅምት የአውራጃው የስፖርት ውድድር ይደረጋል፤ ብስክሌትም አለበት፤ አንደኛ የወጣ ደሴ ሄዶ ከሌሎች አውራጃዎች ጋር ይወዳደራል። እኔ ደሴን አይቼ አላውቅም ነበር። ደሴ ለእኔ መብራቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ የጦሳ ተራራ ሥር የተነጠፈው አስፋልት ነበር፤ ይህን ሁሉ ያየሁት በሰው አፍ ነው።

ብስክሌት የሚጠግኑልን ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ክረምቱን ጎማ እየለጠፍሁ ስላገዝኋቸው «የቸርኬህን ዋጋ እኔ እችልልሃለሁ» ብለውኝ ነበር። ከደሴ ሲመለሱ ሁለት ይዘው መጡና ጆንያ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ።

«ይኸኛው የእሽቅድምድም ነው፣ አሉሚኒየም። አንሣው እስቲ።»

በአንድ ጣቴ ተንጠለጠለ። ፀሐይ ሲያገኘው ዐይን ይወጋል።

«ይኸኛው ደግሞ ብረት። ይህን ለማንሣት ቁርስ መብላት ያስፈልጋል።»

«ለውድድሩ የትኛው ይሻላል?»

«ለውድድሩማ ቀላሉ ነዋ! ወላሂ፣ ዳገቱን እንደ ቆቅ ነው የምትወጣው። ግን መንገዳችን ድንጋይ ነው። መሪጌታን ጭነህ አንድ ጉድጓድ ከመታህ እንደ ቂጣ ይታጠፋል። አንዱን ውሰድ፤ የቀረውን አሥር አለቃ ጌታቸው ይፈልገዋል።»

አሥር አለቃ ጌታቸው ፖሊስ ነው፤ በከተማው በብስክሌት የሚፎካከረኝ እሱ ብቻ ነበር።

«እስከ ነገ ላስብበት» አልኋቸው።

«አብሽር፣ አስብበት።»

እራት ላይ ነገሩን ለእናቴ ስነግር አባቴ ሰሙ።

«ቀላሉን ውሰድ» አሉ። «እኔ አህያም ቢሆን ተውሼ እሄዳለሁ። ጽጌ በየዓመቱ ይመጣል፤ ያንተ ደሴ በየዓመቱ አይመጣም።»

«መሪጌታ በአህያ? ኧረ ሰው ምን ይላል!» አለች እናቴ።

«ጌታም ኢየሩሳሌም በአህያ ነው የገባ» አሉና ሽሯቸውን ጠቀለሉ።

ደስ ብሎኝ አደርሁ። ጠዋት ከጓሮ የባቄላ እሸት ሸምጥጬ ስመለስ ግን አባቴን ከቤቱ ጀርባ አየኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው አጥሩን ይዘው ይሄዳሉ። ጥግ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ጉልበታቸውን ያሻሉ፤ ዞረው እንደገና ይሄዳሉ። እስከ ማርያም የሚያደርስ ጉልበት ይኖራቸው እንደሆነ እየለኩ ነበር። የጽጌ ወር ደርሷል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያድሩበት ወር ነው። አህያ የሚያውሳቸው እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። በመኸር ማን አህያውን ይሰጣል? አላዩኝም። እሸቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ወደ ገበያው ሄድሁ።

«ብረቱን» አልኋቸው ጋሽ ሰይድን።

ትክ ብለው አዩኝና ብረቱን አነሡ። ሽቦዎቹን እየወጠሩ እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። ያን የሚያብረቀርቀውን ላለማየት ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ነበር።

ውድድሩ እሁድ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ወትሮው አባቴን አድርሼ ተመለስሁ። ጠዋት እናቴ በሶ በማር በጥብጣ አጠጣችኝ። መነሻችን ገበያው ነበር፤ ዳገቱን ወጥተን፣ ማርያምን አልፈን፣ ድልድዩ ጋ ዞረን እንመለሳለን። አሥር አለቃ ጌታቸው ገና ከመነሻው ተፈተለከ። ያ ቸርኬ በእውነት ይበራል። ሜዳውን ሳንጨርስ ጀርባው ራቀብኝ፤ ደሴም አብራው ስትርቅ ታየኝ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ብስክሌቱ ቀለለኝ። ስንት ቅዳሜ መሪጌታን ከነጥምጥማቸው ያወጣሁበት ዳገት ነው! እግሬ ያንን ክብደት ለምዶ አሁን ሲያጣው እንደ እምቦሳ ቦረቀ። አንዱን አለፍሁ፣ ሌላውን አለፍሁ። አናቱ ላይ ከቅዳሴ ወጥተው ደብተራዎቹና የቅኔ ተማሪዎቹ መንገድ ዳር ተኮልኩለዋል። አባቴ ሌሊቱን በቆሙበት እግራቸው መቋሚያቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጮኹ፦

«ካሳው! ዛሬ ባዶህን እኮ ነህ!»

ተማሪዎቹ እልል አሉ። ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁ አሥር አለቃን እዚያው ደጀ ሰላሙ ፊት አለፍሁት። እስከ ድልድዩ መራሁ፤ ስንመለስም ቁልቁለቱን መራሁ። ከተማው መግቢያ ሜዳው ላይ ግን ያ ቀላል ቸርኬ ሲያፏጭ ከኋላዬ ሰማሁት። ገበያው ጋ ስንደርስ በአንድ ጎማ ቀደመኝ።

ዐይኔ እንባ አቀረረ። አሥር አለቃ ጌታቸው ወርዶ አቀፈኝና «ዳገቱ ላይ ገድለኸኝ ነበር እኮ!» አለኝ። ጋሽ ሰይድ ሕዝቡን እየገፉ መጥተው የሁለታችንንም ትከሻ ያዙ።

«ወላሂ ያሸነፍሁት እኔ ነኝ! ሁለቱም ቸርኬ ከእኔ እጅ ነው የወጣ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን እሱ ደሴ ሲሄድ ልሸኘው አልወጣሁም።

በሚቀጥለው እሁድ አባቴን ለመመለስ ማርያም ሄጄ ቅዳሴው መጨረሻ ላይ ደረስሁ። አባቴ ቅኔ ይዘርፋሉ። ሊቃውንቱ አንዴ ወደ እሳቸው፣ አንዴ ወደ እኔ እያዩ ፈገግ ይላሉ፤ «ይበል! ይበል!» ይላሉ። እኔ ግዕዙን ገና በልጅነቴ ትቼ ወደ አስኳላ ስለገባሁ «ኤልያስ» ከሚለው ስም በቀር የያዝሁት የለም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጠየቅኋቸው። «ምን ነበር ያሉት?»

«ተምረህ ቢሆን ትሰማው ነበር።»

«ይንገሩኝ እንጂ!»

ቀበቶዬን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ነፋሱ ነጠላቸውን ፊቴ ድረስ ያመጣዋል። መንገዱ ዳርና ዳር የአደይ አበባ ርዝራዥ አለ፤ ገብሱ መብሰል ጀምሯል።

«ኤልያስን የወሰደው የእሳት ሠረገላ ከልጁ ከኤልሳዕ ለየው» አሉኝ በመጨረሻ። «ኤልሳዕ ‹አባቴ፣ አባቴ!› እያለ ምድር ላይ ቀረ። እኔን የሚወስደኝ የብረት ሠረገላ ግን ልጄን ከፊቴ አስቀምጦልኛል። ከዚህ ወዲያ ዕርገት ምን ያደርግልኛል? ነው ያልሁት።»

ፍሬኑን ለቅቄ ብስክሌቱን ተውሁት፤ ከኋላዬ «ቀስ በል፣ አንተ ልጅ!» እያሉ ሲስቁ ይሰማኛል።

አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ደሴንም በኋላ አየኋት፤ ሠራሁባት፣ አገባሁባት፣ ልጆች ወለድሁባት። ጡረታ ወጥቼ ወደ መካነ ሰላም እስክመለስ ግማሽ ዕድሜዬን ኖርሁባት። ያን ያህል የጓጓሁላትን ከተማ መጀመሪያ ያየሁበት ቀን ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ማን እንደተቀበለኝም፣ ዛሬ ባስበው አይመጣልኝም። ያን ቁልቁለት ግን ዐይኔን ጨፍኜ፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ እወርደዋለሁ።