ሠላሳ ጊዜ «ደህና»

መሪማ በአልዩ አምባ ከተማ ያላንኳኳችው በር የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ክትባት ስታስከትብ፣ አጎበር ስታድል ኖራለች። ከደብረ ብርሃን የመጡት ሐኪሞች አዲስ የደም ግፊት ክኒን ሊሞክሩ ሲነሡም መጠይቁን እንድትሞላ የመረጡት እሷን ነው። ክኒኑ ከሰኞ ጀምሮ ለአራት መቶ ሰው ሊሰጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ሠላሳ ሰው ብቻ ለስድስት ሳምንት ወሰደው። በየሳምንቱ እየዞረች «እንዴት ናችሁ? ያስቸገራችሁ ነገር አለ?» ትላቸዋለች። ሁሉም ደህና ነን አሉ፤ እሷም «ችግር የለም» ብላ ጻፈች።

ሐሙስ ዕለት የመጨረሻውን ቅጽ ይዛ ሐኪሞቹ ወዳሉበት ወደ አንኮበር ስትወጣ ከሠላሳዎቹ አንዱን፣ በርበሬ ነጋዴውን ጋሽ ጃፈርን፣ ከፊቷ አየች። የአህያቸውን ጭራ ይዘው አቀበቱን ይወጣሉ። አህያዋ ደንብራ ዘለለች። ጭራው ከእጃቸው አመለጠና ሽማግሌው ወደ ገደሉ ተንገዳገዱ። መሪማ ወረቀቱን ጥላ ሽርጣቸውን ጨመደደች።

«ምን ሆነው ነው?»

«ምንም፤ አልሐምዱሊላህ። ሽርጤን ልቀቂው እንጂ፤ ከገደሉ በፊት ውርደቱ ሊገድለኝ ነው።»

«ጭራ የያዙት ለምንድን ነው?»

«ያዞረኛላ! ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ብድግ ስል ምድሩ ይከዳኛል።»

«ትናንት ስጠይቅዎት ደህና ነኝ አላሉም?»

«እንዴት ነዎት አልሽኛ። ሰላምታ አይደል እንዴ? ሰው ሰላም ሲልሽ አላህን ታማርሪያለሽ?»

መሪማ የጣለችውን ወረቀት አነሣች። ወደ ሐኪሞቹ መሄዱን ትታ ቁልቁል ተመለሰች። በየቤቱ «እንዴት ናችሁ» ማለቱን ተወችና «አቀበት ስትወጡ ምን ትይዛላችሁ?» ትል ጀመር። አንዱ ከዘራ አለ፤ ሌላው የልጄን ትከሻ። አንዲት ሴት ደግሞ ከገበያ ከቀረች ወር እንዳለፋት ነገረቻት። ካገኘቻቸው ሃያ አንድ ሰዎች አሥራ ሁለቱን ያዞራቸዋል።

ጥናቱን ለሚመራው ለዶክተር ቃለ አብ ደወለች።

«ዶክተር፣ የሞላሁት ሁሉ ስሕተት ነው። ክኒኑ ሰው ያዞራል። እዚህ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ገደል ነው።»

«አራት መቶው ሰው ተመዝግቧል፤ መድኃኒቱ ተጭኗል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ሰላምታ ስሰጥ ነበር።»

ከሥራ የተባረረች መሰላት፤ ግን አፏን አልያዘችም።

«ሠላሳ ሰው ያስቀደማችሁት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነበር?»

«ስንቱን ነው ያዞረው?» አላት ቀስ ብሎ። ነገረችው። «ሰዎቹ የያዙትን ክኒን ሰብስቢ። የቀሩትንም ነገ ጠይቂልኝ። ሰኞ የሚጀመር ነገር የለም።»

መሪማ ነገን አልጠበቀችም። የቀሩት ዘጠኙ ቤታቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው።