የሦስት ልጆች ዕድሜ

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብ ላስጠና መጀመሪያ ጎሮ የሄድኩ ቀን የገጠመኝን እስካሁን ማመን ያቅተኛል። ሥራውን አጥብቄ እፈልገው ነበር። የልጅቷ እናት ደግሞ ሶፋው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዷን ቃሌን ያዳምጣሉ።

«ተከታታይ ቁጥር የሚባለው አይገባኝም» አለችኝ ማርታ።

ቀለል እንዲልላት ብዬ እዚያው አንድ ጥያቄ ፈጠርኩ። «የአንድ ቤት ሦስት ልጆች ዕድሜያቸው ተከታታይ ቁጥር ነው እንበል። ሲደመር ሠላሳ ዘጠኝ ይሆናል። የትንሹን ዕድሜ ኤክስ በይው። የመካከለኛዋ ኤክስ ሲደመር አንድ፣ የትልቁ ኤክስ ሲደመር ሁለት ይሆናል ማለት ነው።»

ስትሞካክር ቆይታ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት አገኘች። ከዚያ ሳቀች። «አሥራ ሁለት ታናሽ ወንድሜ ነው። አሥራ ሦስት እኔ ነኝ። አሥራ አራቱስ ማነው?»

«ታላቅ ወንድምሽ ነዋ» አልኳት ለጨዋታ።

እናትየው ድንገት ተነሡ። ፊታቸው ተለዋውጧል። «ለዛሬ ይበቃል» አሉ።

ገና መጀመራችን ነበር። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ደብተሬን ሰብስቤ ተከተልኳቸው። የግቢው በር ጋ ስንደርስ ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«ባለቤቴ አያውቅም። ልጆቹም አያውቁም።» ክንዴን ጨበጥ አደረጉት። «እባክህ አትደብቀኝ። ልጄ ነው የላከህ?»