ከእልልታው ሥር

ፖሊሶች የያዙኝ ማራኪ ሰፈር፣ ከተከራየኋት ክፍል፣ ማዳመጫዬ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ነው። በሩ ሲንኳኳ አልሰማሁም። የአንድ አዲስ አልበም ሰባተኛው ዘፈን ላይ ነበርኩ። ስምንተኛውን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እሱ ዛሬም ያናድደኛል።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል ጠባብ ነው፤ ላብና በረኪና ይሸታል። ጥጉ ላይ ጋቢ የለበሱ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም «አያ» ይላቸዋል።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሠርተህ መጣህ?» አሉኝ።

«ስልኬ ላይ ስለ ዘፈን እጽፋለሁ፣ አያ። ይሄ ሸጋ ነው፣ ይሄ አይረባም እያልኩ።»

«ይሄም ያሳስራል?»

«ባለሥልጣን የሚያወድስ ዘፈን አይረባም ካሉ ያሳስራል።»

አያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

በማግሥቱ ሥራ ጀመርኩ። ስልኬን ስለወሰዱት አልበሞቹን በአፌ አጫወትኳቸው። «የሬጌው ቤዝ ጊታር ሸጋ ነው፤ ዘፋኙ ግን ሲሰብክ ነው የሚውለው፣ ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ይጥላል። ራፑን ነፍሴ ትወደዋለች፤ ልጁ ትንፋሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ጃዙ ላይ ክራርና ሳክስፎን እንደ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ቆይተው መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ፤ እሷን ቦታ ስሰማ ፀጉሬ ይቆማል። መዝሙሩ ላይ ኪቦርድ የጨመረበትን ሰውዬ ግን እግዜር ይቅር ይበለው።» ደረጃ መስጠት ተጀመረ፣ ክርክር ሆነ፣ ጠባቂው በሩን ደበደበ። እስረኛ መሆኔን የረሳሁበት ሰዓት ነበር ብል አልዋሸሁም።

ከመካከላችን አንድ ባለመሰንቆ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አድምጦኝ፣ «የኔን አልበም ሰምተኸዋል?» አለኝ። የአልበሙን ስም ሲነግረኝ ደነገጥኩ። ሰምቼዋለሁ፤ ጽፌም አጣጥዬዋለሁ። የምንተኛው ደግሞ ጎን ለጎን ነው።

«አልወደድኩትም» አልኩት። «መሰንቆህን ኪቦርድ ሥር ቀብረውታል። የተረፈው አራተኛው ብቻ ነው።»

ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። «አራተኛውን ስንቀርጽ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ታሞ ቀርቶ ነበር» አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ ወዲያ እኔና እሱ አልተለያየንም።

የመታሰሩን ነገር ያን ቀን ነገረኝ። ሳንጃ አካባቢ ሰርግ ላይ ሲጫወት አንድ እንግዳ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሰጠው። አዝማሪ የተሰጠውን ቃል ሳይጥል ተቀብሎ ያዜማል፤ የሙያው ወግ ነው። ተቀበለ። ግጥሙ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ነካ። ፖሊሶቹ የሰጪውን ስም ጥራ ሲሉት ግን ፊቱን አላየሁም አለ።

አንድ ጠዋት መርማሪው እኔን አስጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ። «ዘፈን አዋቂ ነህ አሉ። የሰርጉን ቅጂ ስማና፣ ግጥሙ የባለመሰንቆው የራሱ ነው ብለህ ጽፈህ ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

እናቴ በዚያች ሰዓት ምሳ ዕቃ ይዛ የእስር ቤቱ በር ላይ እንደምትቆም አውቃለሁ። ለመፈረም ልቤ ከጅሎ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

«ማዳመጫ ይኖራል?» አልኩት።

ሰጠኝ። መጀመሪያ የሰማሁት እልልታና ጭብጨባ ብቻ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ከእልልታው ሥር አንድ ጎርናና ድምፅ መጣ። «ተቀበል» ይላል፤ ስንኙንም አንድ በአንድ ይሰጠዋል።

«የራሱ አይደለም። ሲሰጠው ይሰማል» አልኩ።

«ሰጪው ማን ነው?»

«ድምፅ ነው የሰማሁ፤ ሰውየውን አላውቅም።»

መርማሪው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ግጥሙ ከእንግዳ የተሰጠ መሆኑን፣ ባለመሰንቆው እንደ ወጉ መቀበሉን ጻፍኩ። ጆሮዬ አላስችል ብሎኝ፣ መጨረሻው ላይ የመሰንቆው የፈረስ ጭራ ክር ረግቦ ቅኝቱ መውረዱንም ጨመርኩበት። ፈረምኩ። ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ክፍሉ መለሱኝ።

«ምን አልካቸው?» አለ ባለመሰንቆው።

«መጨረሻ ላይ ቅኝትህ ወርዷል ብዬ ፈረምኩላቸው።»

«ውሸትህን ነው።» ጥቂት አሰበና፣ «ዝናብ ነበር፤ ዳሱ ያፈስ ነበር፤ ጭራው ርሶ ነው» አለ። አያ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይስቃሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ከምናምን ቆየሁ። ባለመሰንቆው ከእኔ በፊት ተፈታ። ወረቀቴ ይርዳው አይርዳው አላውቅም። እናቴ ያን ቀን ብቻዋን ወደ ቤት መመለሷን ግን አልረሳሁም።

ባለፈው ሳምንት የባለመሰንቆው አዲስ አልበም ወጣ። ኪቦርድ የሚባል የለበትም። ሸጋ ነው፣ ስድስተኛው ግን ያለ ቅጥ ረዝሟል ብዬ ጻፍኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሳለሁ ደወለልኝ። ከማራኪ ጀምረን ስንጨቃጨቅ መውረጃዬን አለፍኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።

«ረዝሟል ነው የምትለው?»

«ረዝሟል።»

«ትፈርምበታለህ?»

«እፈርማለሁ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ።