ተተኪ እስኪቀጠር

የአረጋውያኑ ማረፊያ ሰዎች «መለዋወጫ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት እዚያው የሚጦሩ አንድ የድሮ ሹፌር ናቸው። ምግብ አብሳይዋ ስትቀር ወጥ ቤት፣ ልብስ አጣቢዋ ስትለቅ ገንዳው ዘንድ፣ ዘበኛው ሲታመም በሩ ላይ የምትገጠም ሴት ሌላ ምን ትባል? እሷም ትስቅ ነበር። የተቀጠረችው ግን ለአንድ ሥራ ነበር፤ ከአልጋ የማይነሱትን ለማጠብና ለማገላበጥ።

ቤቱ በእርዳታ የሚተዳደር ነው። እርዳታ ደግሞ ለአልጋ፣ ለብርድ ልብስ፣ በር ላይ ለሚሰቀል ሰሌዳ ይገኛል፤ ነገሩ የሠራተኛ ደሞዝ ላይ ሲደርስ ግን ሰጪው ሁሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ የተሻለ ባገኙ ቁጥር ጋዋናቸውን ሚስማር ላይ እየሰቀሉ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። በቦታቸው የመጣ የለም። የሄደውን ሰው ሥራ መለዋወጫ ትይዛለች፤ «ለጊዜው ነው» ይሏታል፤ ያ ጊዜ አልቆ አያውቅም።

ለምን እሺ ትል ነበር ከተባለ፣ ስለ ዳይሬክተሯ ነው። ቤቱ ሲጀመር የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በሁለት የኪራይ ክፍል፣ ውሃ በባልዲ እየተሸከሙ። ዳይሬክተሯ ያኔ ቀሚሷን ሰብስባ የበሽተኛ አንሶላ ታጥብ ነበር። መለዋወጫ ሰው ፊት «እርስዎ» ብትላትም ብቻቸውን ሲሆኑ አንቺና አንቺ ናቸው። መለዋወጫ የእናቷን ልጅ እንኳ እንደ እሷ አታምንም።

ዘንድሮ ግን የራሷ ጉዳይ ገጠማት። ሌላ ከተማ ያለችው አንዲት ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው። የልጅቷ ምርቃት ላይ መለዋወጫ አልነበረችም፤ ከሠርጓም ምሳ ሳይነሳ ነው የተመለሰችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ማረፊያው ሰው ጎድሎት። ለዚህኛው ግን ምላ ተገዝታለች። «ምጥ ሳይጀምርሽ አጠገብሽ እገኛለሁ» ብላታለች። ዳይሬክተሯም ፈቃዱን አልነፈገቻትም።

«ተተኪ ይቀጠር እንጂ ትሄጃለሽ» አለቻት። «ከሚረዳን ድርጅት ዋና ቢሮ ሊጎበኙን ይመጣሉ። ያኔ እጥረታችንን አፍረጥርጬ እነግራቸዋለሁ።»

እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ ደግሞ ቢሮዋ ጠራቻት። «አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቤቱ ባዶ ሆኖ ከታየ ሰው ሁሉ የሸሸን ነው የሚመስለው፣ ውርደት ነው። ለጉብኝቱ ብቻ ሸፍኚልኝ። እጥረቱን እኔ በኋላ በቃሌ እነግራቸዋለሁ።»

ገመና መሸፈን ለመለዋወጫ አዲስ አይደለም። ጋዋኖቹን ከሚስማር አውርዳ፣ አጥባ፣ ተኩሳ፣ መቆም ለሚችሉት አረጋውያን አለበሰቻቸው። ሹፌሩ የዘበኛ ካፖርት ደርበው በሩን ያዙ። ጡረታ የወጡት መምህርት ሽርጥ አስረው ድስት ያማስላሉ፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ሌላዋ እማማ ነጭ ለብሰው የገዛ ጓደኛቸውን ግንባር በመዳፋቸው እየለኩ «ትድኛለሽ፣ አይዞሽ» ይላሉ፤ ጓደኛቸው ሳቃቸውን ለማፈን ብርድ ልብሱን ነክሰዋል። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለቤታቸው ክብር ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ተተኪ ተቀጥሮ መለዋወጫ ልጇ ጋ ትሂድ ብለው ነው።

እንግዶቹ ዞረው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አዳራሽ ገቡ። መለዋወጫ ሻይ ይዛ ስትገባ ዳይሬክተሯ እየተናገረች ነበር።

«እንዳያችሁት የሰው እጥረት የለብንም። ለቅጥር ያቀረብነውን ጥያቄ ሰርዘነዋል።»

ተጨበጨበ። ከእንግዶቹ አንዱ «ዋናው ቢሮ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ኃላፊ ነው» አለ፤ ዳይሬክተሯም እንደ ሙሽራ አቀረቀረች። መለዋወጫ ትሪውን አስቀምጣ ወጣች። ሰው አይኑ እያየ እንዲህ ይከዳል ብላ አስባ አታውቅም።

እንግዶቹ እንደሄዱ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። «ምንድን ነው ያልሽው?»

«ተረጋጊ እህቴ። እጥረት አለ ብል ‹ማስተዳደር አቅቷታል› ይሉኛል። ዋናው ቢሮ ልግባና ከላይ ሆኜ አስቀጥርልሻለሁ።»

«ልጄስ?»

ዳይሬክተሯ ትከሻዋን ዳሰሰቻት። «ታዲያ ማን ይተካሽ? አንቺ እያለሽ እኮ እዚህ ቤት ሰው ጎድሎ አያውቅም።»

የሚያንገበግበው፣ ይህን ያለችው ለሙገሳ ነው። የመለዋወጫ ደም ፈላ። ያን ሁሉ ዘመን ለአረጋውያኑና ለጓደኝነቱ ብላ የሸፈነችው ቀዳዳ ለዚች ሴትዮ መሰላል ሆኖላት ኖሯል። ጋዋኗን አውልቃ የዳይሬክተሯ ክንድ ላይ ጣል አደረገችው።

«የማይነሱት ከምሳ በፊት መገላበጥ አለባቸው» አለቻት። «አልረሳሽውም መቼም፣ አብረን ነው የተማርነው።»

ሻንጣዋ ከተዘጋጀ ሰንብቷል። በሩ ላይ ሹፌሩ ካፖርቱን እንደለበሱ «ሂጂ ልጄ፣ እኛ እንደምንም እንሆናለን» አሏት። እንደምንም እንደማይሆኑ ሁለቱም ያውቃሉ። ዞራ ሳታይ እስከ መናኸሪያው ዳይሬክተሯን እየረገመች ሄደች፤ ከሃዲ፣ ጡት ነካሽ፣ አፏ ያመጣላትን ሁሉ። አውቶቡሱ ውስጥ ቦታ ይዛ ለልጇ ደወለች።

«መጣሁልሽ! ተሳፍሬያለሁ።»

«እማዬ፣ ወለድኩ እኮ። ትናንት።»

«ትናንት? ሳትነግሪኝ?»

«እንግዳ አለብን ብለሽኝ ነበር። ምጡ ሲመጣ ለጎረቤቴ ደወልኩ። ድሮም መጀመሪያ የነገርኩት ለሷ ነው፤ ገና እርግዝናውን ሳውቅ።»

«እመጣለሁ ብዬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ እማዬ። ሁሌም ትያለሽ።»

በድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር። መለዋወጫ ስልኩን ዘጋች። አውቶቡሱ ተነሳ፤ እርግማኗን ካቆመችበት ልትቀጥል አሰበች፤ ማንን እንደምትረግም ግን ጠፋት።