ለውርጭ የሰጠሁት ባና

ልጅ ሳለሁ አባቴ በዘበኝነት፣ እናቴ በቤት ሠራተኝነት በገቡበት የኒው ካይሮ ቪላ ጓሮ፣ በአትክልተኛው በአባባ ደምሴ ደጃፍ ተቀምጬ ተረት እየሰማሁ አደግኩ። ያኔ ሰፈሩ ግማሹ ገና አሸዋ ነበርና የጥርና የየካቲት ብርድ ከበረሃው ሲነሳ የሚመልሰው ነገር አልነበረም። አባባ ደምሴ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ፍም ያደርጉና ባናቸውን ተከናንበው ይጀምሩልኛል። ባና በአገራቸው በመንዝ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ነው፤ ሲሰደዱ ይዘው የወጡት እሱን ብቻ ነበር። ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰው፣ ፋኖሱ እየተወዛወዘ፣ እኔ አፋቸውን አፋቸውን አያለሁ።

ከተረቶቹ አንዱ የውርጭ ነበር። ውርጭ ልብስ የሌለው ሽማግሌ ነው አሉ። በየቤቱ «አልብሱኝ» እያለ ሲዞር ሁሉም በሩን ዘጋበት፤ አንዲት ደሃ ብቻ ያላትን አንዲት ባና አውጥታ ሰጠችው። እሱም አፍሮ የሷን ባቄላ ሳይነካ አለፈ።

በጓሮው አባባ ደምሴ ከፍሬዋ አብቅለው ያሳደጓት አንዲት ኮክ ነበረች። ጦርነት ሲለያያቸው የሁለት ዓመት ሕፃን የነበረች፣ ወሬዋ የጠፋባቸው ልጅ አለቻቸው፤ የመጀመሪያዋን ፍሬ ለማርያም አስገብተው ስለ ልጃቸው ሊለምኑ ተስለው ነበር። አባቴ «ኧረ አባባ፣ ይችን ኮክ ከሰው በላይ አቆላመጧት!» እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸውም «አንተን ባቆላምጥህ ምን ታፈራለህ?» ይሉታል።

ግን አልሆነም። በመጀመሪያው ዓመት አበባዋን የአሸዋ ነፋስ ጠረገው፤ በሁለተኛው ዓመት በረዶ ወርዶ አረገፈው። በሦስተኛው ዓመት የቪላው ባለቤት ማዳም «ማሌሽ ያ ደምሴ፣ ይቅርታ፤ ዘንድሮ ካላፈራች ኸላስ፣ በቃ፣ ተነቅላ ሴራሚክ ይነጠፍበታል» አለች።

ግብፆቹ አምሺር በሚሉት በኛ የካቲት፣ ኮኳ ሮዝ በሮዝ ሆና ሳለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ አለ። አባባ ደምሴ ቀና ብለው አዩና «ይሄ የውርጭ ሰማይ ነው» አሉ። እንዳገራቸው ውርጩን እንዲከላከል ከሥሯ እርጥብ ጭድ ሊያጨሱ ሲሉ፣ ማዳም መጋረጃዬ ይሸታል ብላ ከለከለች። ጭዱን አስቀምጠው ዳዊታቸውን ይዘው ገቡ።

እኔ ግን ተረቱን አልረሳሁም። ባናቸው በዚያን ቀን ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር። ውርጭ ሲመጣ ለብሶት እንዲሄድ ብዬ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ በበርሜል ላይ ቆሜ ኮኳ ላይ ጣልኩት። አባታችን ሆይ ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ሲመሽ ማንም አላየውም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ባናው ውሃው በረዶ ሆኖበት እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። ከክብደቱ የተነሳ ትልቁ ቅርንጫፍ ተሰንጥቆ ወድቋል፤ አበባው ከስሏል። አባባ ደምሴ ቆመዋል። ነጠላ ሸሚዝ ብቻ ለብሰው ነበር።

«ለውርጭ ሰጥቼው ነው» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ባናውን ከቅርንጫፉ ላይ አላቀቁት። ኋላ ራሴን ወደ ላይ ቀና አደረጉና «ጫፉን እይ፣ ልጄ። አንተ ያልደረስክበትም በውርጩ ነድዷል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ነድዶ ነበር። ቅርንጫፉን የሰበርኩት ግን እኔ ነኝ።

እሑድ የተሰበረውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ እኔን አስከትለው፣ በማይክሮባስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሰው ሻማ በሚያቆምበት ከማርያም ሥዕል ሥር አኖሩት። ብዙ ይለምናሉ ብዬ ስጠብቅ «እመቤቴ፣ ያለኝ ይኸው ነው» ብቻ ብለው ዞሩ። በዚያው ሳምንት ኮኳ ተነቀለች። የልጃቸውን ወሬ ሰምተው እንደሆን አላውቅም፤ እኛ ከዚያ ቪላ ስንወጣ እንዳልሰሙ ነበሩ።

አሁን የምኖረው አርድ ኤል ሊዋ በሚባል ሌላ የካይሮ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የምተክልበት መሬት የለኝም። ያኔ ባናውን ባልጥልባት አንዲት አበባ እንኳ ትተርፍ ነበር ወይ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። የካቲት ሲገባ፣ ልጆቼን አልብሼ ለጸሎት ስቆም፣ ያች የከሰለች ቅርንጫፍ ትመጣብኛለች። ልመናዬ ሁሉ ይጠፋብኝና «ያለኝ ይኸው ነው» ብዬ እቀመጣለሁ።